የጅማን ጸደይ በካሜራ ለማንሳት፦ ከጭጋጉ እስከ እሸት ቡናው

መስከረም ሲጠባ በብዙው የሀገራችን ክፍል ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ጅማ ላይ ግን እንዲህ በቶሎ አይለቅም። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ አደይ አበባ ሲፈነዳም ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ሰማያዊ ሰማይና ቢጫ መስክ ብቻ አስቦ የሚወጣ ፎቶ አንሺ ግማሹን ቀን ደመና ሲረግም ይውላል። የጅማ ጸደይ ውበት ያለው በእርጥበቱ ነው። የሌሊቱ ዝናብ ለንጋቱ ጭጋግ ይሰጣል፣ ደመናው ለቡናው ጥላ ለስላሳ ብርሃን ያወርዳል፣ የታጠበው አየር ደግሞ ሩቁን ተራራ ያቀርባል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ መጀመሪያ የሚወሰነው ቦታው ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ሰማዩን አይተው ዛሬ ምን እንደሚነሳ ይመርጣሉ።

ከታች የተጠቀሱት ሰዓታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ፀሐይዋ ስንት ሰዓት ትሰጣለች?

በመስከረምና በጥቅምት ጅማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ሰማዩ መቅላት የሚጀምረው ግን ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ትወጣለች። ይህም ማለት ወርቃማው ብርሃን እጅግ አጭር ነው፦ በጣም ሞቅ ያለው ቀለም ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ጥሩ የጎን ብርሃን ደግሞ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም። ከዚያ በኋላ ጥላው በፍጥነት ያጥራል። በመስከረም አጋማሽ ላይ ቀትር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፣ ከአድማስ ከ80 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ። የሰው ዓይን ጉድጓድ ጠቁሮ አፍንጫ ብቻ የሚያበራው በዚህ ሰዓት ነው።

ቀኑን እንዲህ ያከፋፍሉት። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ጭጋግ፣ ውኃና ሰፊ መልክዓ ምድር። እስከ 3 ሰዓት አበባ፣ ጤዛና የሸረሪት ድር፤ ነፋሱ ገና ስላልተነሳ። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ጫካና ቡና ውስጥ፣ በተለይ ደመና ካለ። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሰውና መንደር። ቀኑ ሙሉ በሙሉ ከደመነ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይተዉት፤ ጫካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል፣ ሰማዩን ብቻ ከፎቶው ማስወጣት ነው።

የሚያዙ ዕቃዎች

ብዙ መሸከም እግርን ያስራል። ለዚህ ወቅትና ለዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

ካሜራ ከ18–55 ወይም ከ24–70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ ለወፍና ለጉሬዛ ቢያንስ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ። ስልክ ብቻ ካለ ፕሮ ሞድ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት)፤ ለጅማ አንድ ፊልተር ብቻ ግዙ ቢባል የሚገዛው ይህ ነው፣ ምክንያቱ ቡናው ጋ ስንደርስ ይገለጣል። ትራይፖድ። ሁለት ትርፍ ባትሪ። ሦስት አራት የጥጥ ጨርቅ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ደረቅ እንዲሆን። ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢትና ላስቲክ ማሰሪያ። ነጭ ነጠላ ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ። አንድ ነጭ ካርቶን። የልብስ መቆንጠጫ ሁለት።

ለእግር ቦቲ ጫማ ያድርጉ። ሱሪው ረጅም ይሁን፤ የቡናው ሥር ሳማ አለበት፣ የጫካው መንገድ ላይ ደግሞ ጉንዳን በሰልፍ ይሄዳል። ትራይፖድ ከመትከልዎና ከመንበርከክዎ በፊት መሬቱን ይመልከቱ።

መነሻ ቅንብር

ፋይሉን በሮው (ካሜራው ሳያርመው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሱ፤ ስልኩም ከፈቀደ እንደዚያው። የአረንጓዴ ብዛት ቀለሙን ስለሚያዛባ ከመለሱ በኋላ ማስተካከል የሚቻለው በሮው ነው። ኋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያመጣጥነውን ቅንብር) አውቶ ላይ አይተዉት። ካሜራው ፊቱ ሁሉ አረንጓዴ ሲሆንበት ለማመጣጠን ሐምራዊ ቀይ ይጨምራል፣ ያኔ የሰው ፊት ይቀላል፣ ቅጠሉም ሕይወቱ ይሄዳል። ለፀሐይ 5200፣ ለደመና 6000 ኬልቪን ላይ ቆልፈው ይጀምሩ።

ከዚህ በታች ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሰከንዱ ክፍልፋይ ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ፣ አይ ኤስ ኦ ደግሞ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ነው። ብሩህ ደመና ባለበት ሜዳ ላይ ኤፍ 8፣ 1/200 ሰከንድ፣ አይ ኤስ ኦ 200 አስተማማኝ መነሻ ነው። ጥርት ባለ ፀሐይ ደግሞ ኤፍ 11፣ 1/400፣ አይ ኤስ ኦ 200። ከጥላ ዛፍ ሥር ሲገቡ ብርሃኑ በጣም ይወርዳል፤ ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይ ኤስ ኦ 800 ይሞክሩ። ሌንስዎ ከኤፍ 5.6 በላይ የማይከፈት ከሆነ አይ ኤስ ኦውን 3200 ያድርሱት። ብናኝ መሰል ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይታረማል፣ በእጅ መንቀጥቀጥ የደበዘዘ ፎቶ ግን አይታረምም።

ንጋት፦ ጭጋግ በቦዬ

ከከተማው ዳር ያለው የቦዬ ረግረግ በጸደይ ንጋት ከጅማ ሥፍራዎች ሁሉ ለፎቶ የሚመች ነው። ውኃው ዳር ሳሩ አረንጓዴ ነው፣ ከብት ይሰማራበታል፣ በራሱ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ወርቃማ ላባ ያለው ረጅም እግር ወፍም ይታይበታል።

ጭጋግ ግን በየቀኑ አይመጣም። ሲመጣ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሰማዩ ተከፍቶ ኮከብ ከታየ፣ ነፋስም ከሌለ በማግሥቱ ንጋት ዝቅተኛው ቦታ ሁሉ በጭጋግ ይሸፈናል። እርጥቡ መሬት ሙቀቱን ወደ ጥርት ሰማይ ስለሚለቅ፣ ከላዩ ያለው አየር ቀዝቅዞ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል። ሌሊቱን ደመና ከሸፈነው ሙቀቱ አይወጣምና ጭጋጉ አይመጣም። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ወጥተው ሰማዩን ይመልከቱ፤ ኮከብ ከሌለ የንጋቱን ዕቅድ ወደ ጫካ ይለውጡት።

1. ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ይሁኑ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚደርስ ሰው ትራይፖዱን ሲተክል ብርሃኑ ያመልጠዋል። ቦታውን በዋዜማው ቀን በብርሃን አይተው ይምረጡ።

2. ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ያዙሩ። ጭጋግ የሚያበራው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባዎ ከሆነች ጭጋጉ ግራጫ ግድግዳ ይሆናል። መስከረም 12 እና 13 አካባቢ ፀሐይ ልክ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ ኅዳር ላይ ዛፍና ፀሐይ ለማገጣጠም መቆሚያዎን ወደ ሰሜን ማዛወር ግድ ይላል።

3. ከፊት ጠቆር ያለ ነገር ያስገቡ፦ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ አጥር፣ የከብት ቅርፅ። ጭጋግ ብቻውን ጥልቀት የለውም፤ ቅርቡ ጥቁር፣ መካከለኛው ግራጫ፣ ሩቁ ነጣ ያለ ሲሆን ነው ርቀት የሚታየው።

4. ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በካሜራው የ+/− ማስተካከያ ከ0.7 እስከ 1 ይጨምሩ። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ወደ ግራጫ ይጎትተዋል፣ የጭጋግ ፎቶ ቆሽሾ የሚታየው በዚህ ነው።

5. ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ሲዋልል ጭጋጉ ላይ መፈለጉን ይተዉ። የዛፉ ግንድ ከሰማዩ ጋር የሚለይበትን ጠርዝ ይያዙ፣ ከዚያ ፎከሱን ወደ ማኑዋል ቀይረው ይቆልፉት።

ለቆመ ወፍ 1/500፣ ለሚበር 1/1600 ሰከንድ ያስፈልጋል። ወፉን ተከትለው አይሩጡ። ክንፉን ከፈተና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ማየት ከጀመረ በጣም ቀርበውታል ማለት ነው፤ ካሁኑ ቆመው ዝቅ ይበሉ። ቦዬ ውኃ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ደግሞ አይዘንጉ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ በእሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው። ሁልጊዜ ከብት ጠባቂዎቹ በሚሄዱበት መንገድ ይሂዱ፣ ስለ ጉማሬውም እነሱን ይጠይቁ።

አደይ አበባ

አደይ አበባ ለማንሳት ቀላል ይመስላል፤ ቤት ሲደርሱ ግን ብዙው ፎቶ ቅርፅ የሌለው ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ ወደ ታች መነሳቱ ነው፤ ሁለተኛው ቢጫው ከልክ በላይ መብራቱ።

ቢጫ ቀለም በካሜራ ውስጥ የቀይና የአረንጓዴ ድምር ነው። ፎቶው በጠቅላላው የበዛ ብርሃን ባይኖረውም ቀዩ ቻናል ብቻውን ሊሞላ ይችላል። ያኔ የአበባው ቅጠል ላይ ያሉት መስመሮች ይጠፋሉ፣ በኋላም አይመለሱም። ተራው ሂስቶግራም (የፎቶው ጨለማና ብርሃን ስርጭት የሚታይበት ግራፍ) ይህን አያሳይም፤ ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ይክፈቱና ቀዩ የቀኙን ጠርዝ እስኪለቅ ኤክስፖዠሩን በ0.7 ገደማ ይቀንሱ። በስልክ ደግሞ አበባው ላይ ጣትዎን ለሁለት ሰከንድ ተጭነው ይቆልፉ፣ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ይሳቡ።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። አንድ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፍ ያለ አበባ ይምረጡ። ሌንሱ ከአበባው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ እንዲሆን ተንበርከኩ፣ ካስፈለገም ይተኙ። ከአበባው በስተኋላ ቢያንስ 2 ሜትር ባዶ ይኑር፤ ወደ ጀርባ ያለው ሳር በቀረበ ቁጥር ፎቶው ይዝረከረካል። በ50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ይበቃል። በቅርብ ርቀት ኤፍ 1.8 ከከፈቱ አንዱ ቅጠል ብቻ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። በስልክ ፖርትሬት ሞድን ከመጠቀም 2 እጥፍ ዙሙን መርጠው ቀረብ ቢሉ ይሻላል፤ ፖርትሬት ሞድ የጀርባውን ብዥታ የሚሠራው በስሌት ስለሆነ ቀጫጭኑን የአበባ ግንድ ቆርጦ ይጥለዋል።

ነፋስ ካለ 1/400 ሰከንድ ይድረሱ። ግንዱን ከጎኑ በተተከለ እንጨት ላይ በልብስ መቆንጠጫ ቀስ አድርጎ መያዝም ይቻላል፣ መቆንጠጫው ከፎቶው ውጭ ይሁን እንጂ። ፀሐይዋ ከበረታች አንድ ሰው ነጠላውን ዘርግቶ በአበባውና በፀሐይዋ መካከል ይያዝልዎ፤ ከአበባው ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲያዝ ጥላውም ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይወፍራል።

ሌላው መንገድ ከሥር ወደ ሰማይ ነው፦ 24 ሚሊ ሜትር ወይም የስልኩ ሰፊ ሌንስ፣ ከአበባው 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ኤፍ 11፣ ፎከስ አበባው ላይ። ይህ የሚሠራው ሰማዩ ሰማያዊ ወይም ቅርፅ ያለው ደመና ሲኖረው ነው፤ ሰማዩ አንድ ወጥ ነጭ ከሆነ አይድከሙበት። ደግሞ የእህል ማሳ ዳር ያለውን አበባ ለመያዝ ጤፉን አይርገጡ፤ ከማሳው ዳር ሆኖ በረጅም ሌንስ መያዝ ይቻላል።

ከቡናው ጥላ ሥር

ጅማ ላይ ካሉ ርዕሶች ሁሉ ሰፊውን ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡናው ይቀላል፣ ለቀማውም ይጀመራል። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው ከላይ ጥላ ሰጥቶት ከሥሩ እሸት ቡና ሲበስል፣ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫማና ደማቅ ቀይ ፍሬ አብሮ ይገኛል።

እዚህ ፀሐይ ጠላት ናት። በጠራ ቀን በቅጠሉ መካከል የሚገቡት የብርሃን ነጠብጣቦች ከጥላው እጅግ ስለሚበልጡ ካሜራው ሁለቱንም አይችልም፤ ወይ ነጠብጣቡ ነጭ ይሆናል፣ ወይ ጥላው ይጨልማል። ስለዚህ ቡናውን ለደመና ቀን ያቆዩት። ካፊያ ሲያባራ ያለው አንድ ሰዓት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ፍሬው ታጥቦ፣ ጠብታ ይዞ ይቆያል።

እርጥብ ቅጠል ግን ሰማዩን ያንጸባርቃል። የቡና ቅጠል ወፍራምና ወዛማ ስለሆነ ከላዩ ነጭ ጭረት ይታያል፣ አረንጓዴውም ይገረጣል። ፖላራይዘሩ የሚገባው እዚህ ነው። ቅጠሉን ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ይዩት፣ ፊልተሩን ቀስ ብለው ያዙሩ፣ ነጩ ጭረት ሲጠፋ ያቁሙ። ከዚያ ትንሽ መልሰው ያዙሩት፤ ፍሬው ላይ ያለው ብልጭታ ጨርሶ ከጠፋ ክብነቱም እርጥበቱም አብሮ ይሄዳል። ፊልተሩ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ አይ ኤስ ኦውን በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ ይጨምሩ።

ለፍሬው ፎቶ፦ ቅርንጫፉ ወደ ካሜራው እንዲመጣ ሳይሆን በካሜራው ፊት እንዲያልፍ አድርገው ይቁሙ። ፍሬዎቹ በአንድ ርቀት ላይ ሲሰለፉ በኤፍ 5.6 ሁሉም ይጠራሉ። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ ይሁን። ከቅጠሉ መካከል የሚታየው ነጭ ሰማይ ዓይን ይስባል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን በመሄድ ሌላ ቅጠል እንዲሸፍነው ያድርጉ። ቅርንጫፍ አይጎትቱ፣ ፍሬ አይቅጠፉ። ማሳው የሰው የዓመት ጉሮሮ ነው፤ ከመግባትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ለለቃሚዋ ፎቶ 1/200 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ጣት ከፊት ይልቅ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ሰፊውን ያንሱ፦ ዛፉ፣ ሰዎቹ፣ ጭጋግ ካለም ጭጋጉ። ቀጥሎ መካከለኛውን፦ ለቃሚዋ ከወገብ በላይ ከቅርጫቷ ጋር። መጨረሻ ቅርቡን፦ ጣቶቿና ቀዩ ፍሬ፣ ፎከሱ ጣቷ ጫፍ ላይ። ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ከጀርባ ካለ ፎቶውን ይሻማል፤ ባለቤቱን ጠይቀው ገለል ያድርጉት። ከቅጠሉ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ፊቷን አረንጓዴ ሊያስመስለው ይችላል፤ በቀኝዋ ወይም በግራዋ ነጩን ካርቶን ቢይዙላት ይጸዳል።

የማድረቂያ አልጋው ሌላ ሰዓት ይፈልጋል። እሱ ሜዳ ላይ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ይሂዱ። ካሜራውን ከአልጋው ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው በርዝመቱ ሲያነሱት ፍሬው በመደዳ እስከ ሩቅ ይዘረጋል፤ ኤፍ 11፣ ፎከስ ከርዝመቱ ሲሶው ላይ። አልጋውን አይደገፉ።

ከማሳ ወደ ጥቅጥቅ ደን ማለፍ ከፈለጉ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ «በለጠ» የተባለው ደን አለ፤ ቀድመው ከደኑ አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቁ፣ የአካባቢውን ሰው መሪ ይያዙ። ጉሬዛ እዚያ ይገኛል። ጥቁርና ነጭ ፀጉሩ ካሜራን ያሳስታል፣ ከፍ ብሎ ሰማይ ጀርባው ሲሆን ደግሞ ጥቁሩ ይጨልማል፤ ኤክስፖዠሩን በ1 ጨምረው፣ በ1/500 ሰከንድ፣ ወንዙን ወይም ቁልቁለቱን ተከትለው ዓይንዎ ከእሱ እኩል የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ። ምንጩና ጅረቱ ነጭ ሐር መስሎ እንዲታይ ትራይፖድ፣ ኤፍ 11፣ አይ ኤስ ኦ 100፣ ከ1/4 እስከ 1 ሰከንድ ይበቃል። ከከባድ ዝናብ ማግሥት ግን ውኃው ደፍርሶ ቡናማ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን ጥሎ መሄድ ነው።

ሰው ሲያነሱ

በጅማ ዙሪያ ገጠር የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። «ሱራ ኢሲን ካሱ ነን ዳንደኣ?» ማለት «ፎቶ ላነሳዎት እችላለሁ?» ነው፤ «ገለቶማ» ደግሞ ምስጋና ነው። ካሜራው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጅ ባዶ ሆኖ፣ ሰላምታ ተሰጥቶ ይጠየቅ። እምቢ ያለ ሰው መልሱን ሰጥቷል፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ መስረቅ አይገባም። ሕፃን ከሆነ ወላጅ ይጠየቅ።

በቀትር የግድ ማንሳት ካለብዎ ሰውየውን ከዛፍ ጥላ መሃል ሳይሆን ከጥላው ጠርዝ ገባ ብሎ ያስቀምጡት፣ ፊቱ ወደ ክፍቱ ሜዳ ይዙር። ሜዳው የሚመልሰው ብርሃን ፊቱን ከፊት ያበራዋል። የጅማ በርጩማ ላይ ቢቀመጥ እጁ ማረፊያ ያገኛል፣ ትከሻውም ይላላል፤ ካሜራውንም ከዓይኑ እኩል ያውርዱት። ጠይም ፊት ፎቶውን ሲሞላ ካሜራው ያለልክ ያነጣዋል፣ ጀርባው ነጭ ሰማይ ሲሆን ደግሞ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ብርሃኑን ጉንጭ ላይ ለክተው ይቆልፉ፤ ግንባሩ ላይ ያለው ብልጭታ ነጭ እስከማይሆን ድረስ ይቀንሱ።

መስከረም 16 ማታ ደመራ ካነሱ ደግሞ ብርሃኑን ለነበልባሉ ሳይሆን በነበልባሉ ለበሩት ፊቶች ይለኩ፦ ኤፍ 2.8፣ 1/125፣ አይ ኤስ ኦ 1600 ይጀምሩ። ፍላሽ አያብሩ፤ ቀዩን ብርሃን ገድሎ ፎቶውን ተራ ያደርገዋል።

ከጅሬን ኮረብታ

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከከተማው ከፍ ስለሚል ለሰፊ ፎቶ ይመቻል። ከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚውል ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ታበራዋለች፣ ማምሻውን ደግሞ ከፊትዎ ትጠልቃለች። ጭጋግ በታየበት ንጋት ከቦዬ ይልቅ እዚህ መሆንም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከሥር ያለው ሸለቆ በጉም ሲሞላ የዛፎቹ አናት ብቻ ብቅ ይላል። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ባለው ሌንስ ከሰፊው ቆራርጠው ያንሱ። ለእንጨቱ ሰገነትና ለጥርቡ የጎን ብርሃን ይሻላል፤ ሕንፃው እንዳይዘም ካሜራውን ወደ ላይ አያጋድሉ፣ ይልቁን ወደ ኋላ ራቁ።

ድሮን ፈቃድ ይፈልጋል። ድልድይ፣ የኃይል ማመንጫና የወታደር ይዞታ ላይ ካሜራ አያዙሩ።

ዝናብ ሲመጣ

ዝናቡ ሲያባራ አይሂዱ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይዋ ከ42 ዲግሪ በታች ስለምትወርድ ቀስተ ደመና ሊወጣ ይችላል፤ የሚወጣውም ከፀሐይዋ ትይዩ፣ በምሥራቅ በኩል ነው። ስለዚህ ምዕራቡ ሲከፈትና ምሥራቁ ገና ጥቁር ሳለ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ይጠብቁ። በመስከረም ቀትር ላይ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው። ፖላራይዘር ካለ ይጠንቀቁ፤ ወደ አንዱ ሲዞር ቀስተ ደመናውን ያደምቀዋል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ያጠፋዋል።

በዝናቡ ጊዜ የላስቲክ ከረጢቱን ሥር በሌንሱ ስፋት ቀድደው በላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት፣ እጅዎን በአፉ በኩል ያስገቡ። ሌንስ ዝናብ ውስጥ አይቀይሩ። ከቀዝቃዛው ንጋት ወደ ሞቃት ቤት ሲገቡ ካሜራውን በከረጢት ውስጥ እንደታሰረ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ውኃ ይሆናል።

በጅማ እርጥበት የሌንስ ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው። ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ለሳምንታት የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ያበቅላል፤ ሲቆይ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፣ ጽዳትም አይመልሰውም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከውስጥ ቀለም የሚቀይር ሲሊካ ጄል። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲቀየር ጠግቧል፤ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ሰማያዊነቱ እስኪመለስ ያድርቁት፣ ምጣዱ ግን ለምግብ የማይውል ይሁን። ለዝናብ የወጣ ዕቃ መጀመሪያ በጨርቅ ደርቆ፣ አንድ ሌሊት በክፍት ቦታ አድሮ፣ ከዚያ ወደ ሣጥኑ ይግባ።

ፎቶውን ሲያርሙ

በላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ መተግበሪያ) መጀመሪያ ኋይት ባላንሱን ያስተካክሉ። ቀጥሎ አረንጓዴውን ይቀንሱ። የጅማ አረንጓዴ በስክሪን ላይ ፕላስቲክ ይመስላል፤ የአረንጓዴውን ብቻ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ከ10 እስከ 20 ቢያወርዱና ቀለሙን ጥቂት ወደ ቢጫ ቢገፉ ዓይን ያየውን ይመልሳል፣ ቀዩ ቡናም ሳይነካ ይደምቃል። ለጭጋግ ፎቶ ክላሪቲና ዲሄዝ የሚባሉትን ማጥሪያ ማስተካከያዎች አይጨምሩ፤ የለፉበትን ጭጋግ ይገፋሉ።

የቡናው አበባ

እሸቱን ያነሳ ሰው አበባውንም መፈለጉ አይቀርም። አበባው የሚመጣው ከበጋው ድርቀት በኋላ፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል ነው። ከዝናቡ በኋላ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ማሳው በአንድ ጊዜ ይነጣል፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ይጠወልጋል። ስለዚህ ዝናቡ የጣለበትን ቀን ይመዝግቡ፤ ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ገበሬውን በስልክ ይጠይቁ። አበባው ቅርንጫፉን ተከትሎ እፍን ብሎ ስለሚወጣ በጥቁር አረንጓዴ ቅጠል መካከል ካሜራው ነጩን ያቃጥለዋል፤ በ0.7 ይቀንሱ። አበባው ፎቶውን በሙሉ ከሞላው ግን ተቃራኒው ነው፣ በ0.7 ይጨምሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ንቡ ስለሚበዛ ለአበባው ቅርብ ፎቶ መረጋጋት አይገኝም፣ ለንቡ ፎቶ ግን 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርገው መቆየት ይችላሉ።